«መሣሪያው አይሳሳትም» አልኳቸው

የበደልኩት በምኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የነዋሪዎች ማኅበሩ የጎርፍ መውረጃውን ሊያስተካክልና ግቢውን ሊያጥር ፈልጎ ካርታ እንዳነሳለት ጠየቀኝ። ቅየሳ ሙያዬ ነውና ፈቃዱ ሲወጣ በድሮን አነሳሁት። የይዞታ ወሰኑን በካርታው ላይ ስደርበው መስመሩ የአንዲት ጎረቤታችንን ማድ ቤት ሰንጥቆ አለፈ። እኚህ እማማ የኛን መሬት እንደያዙ ተቆጠረ።

ስህተቱ ግን የካርታዬ ነበር፤ ከነምክንያቱ ልናገር። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ያሉት ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው፤ ሞገዳቸው አዮኖስፌር የሚባለውን የላይኛውን የከባቢ አየር ክፍል ሲያቋርጥ ይዘገያል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ መዛባቱ በእኛ ሰማይ ይበረታል። ተራ ጂፒኤስ በዚህ የተነሳ በሜትሮች ይስታል። አርቲኬ የምንለው ዘዴ ይህን የሚያርመው መሬት ላይ በሚተከል ሌላ መቀበያ ነው፤ ቤዝ እንለዋለን። ድሮኑ ከቤዙ የሚላክለትን ማረሚያ እየተቀበለ፣ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሞገድ ቆጥሮ ቦታውን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሚደርስ ስህተት ያውቃል።

ቤዙ ግን የቆመበትን የሚያውቀው እኛ ስንነግረው ነው። እኔ ቸኮልኩ። ቦታው በትክክል ተለክቶ ከታወቀ የመቆጣጠሪያ ነጥብ መነሳቱን ትቼ፣ ቤዙ ከሳተላይት የገመተውን አማካይ እንዲይዝ አደረግሁ፤ ያውም ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ በሚነጥርበት በሕንፃዎቹ መካከል። ስክሪኑ ላይ «ፊክስ» የሚለው አረንጓዴ ሲበራ፣ ከጎኑም 2 ሴንቲ ሜትር ሲል ልቤ አረፈ። ያ ቁጥር የሚናገረው ድሮኑ ከቤዙ አንጻር ያለበት ቦታ ምን ያህል ልክ እንደሆነ ብቻ ነው። ቤዙ ራሱ ከአንድ ሜትር በላይ ስቶ ስለነበር ካርታው በሙሉ አብሮት ተገፋ። ሁሉም እኩል ስለተገፋ ሕንፃው ከሕንፃ፣ መንገዱ ከመንገድ ልክ ነው፤ ለዓይን የሚታይ ጉድለት የለውም።

እማማ የማኅበሩ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ «ልጄ፣ ይህን የምትለው አንተ ነህ ወይስ መሣሪያው?» አሉኝ።

«መሣሪያው ነው እማማ፤ አይሳሳትም» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ለሌላ ሥራ ቤዙን በታወቀ ነጥብ ላይ ስተክል ከቀድሞው ካርታዬ ጋር ያለውን ልዩነት አየሁት። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ስሜ ይጎድፋል፣ ሥራ ይቀርብኛል ብዬ ዛሬ ነገ ስል ማድ ቤቱ ፈረሰ። እውነቱን ለኮሚቴው የተናገርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ማድ ቤቱን በራሴ ወጪ መልሼ አሠራሁ፤ እማማም ይቅር አሉኝ። ክረምቱን ግን ላስቲክ ወጥረው ከሰል እያራገቡ አሳልፈዋል፤ ያን የምመልስበት መንገድ የለኝም። ስህተቱ የችኮላ ነበር፤ ዝምታው ግን በደል ነው።

የሙያ ጓደኞቼ፣ ካርታ ከማስረከባችሁ በፊት በስሌቱ ውስጥ ባልገባ የታወቀ ነጥብ ፈትሹት። ቤዙ ከየትኛው ነጥብ እንደተነሳ በካርታው ላይ ጻፉ። ከተሳሳታችሁም በዚያው ዕለት ተናገሩ። ካርታ የሚቀበሉ ኮሚቴዎችም የሰው ቤት ከማፍረሳቸው በፊት «በየትኛው ነጥብ ተፈተሸ?» ብለው ይጠይቁ፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።