ቅቤው ተነጠረ፤ ሪፖርቱስ?

የዛሬ ወር ጳውሎስ አካባቢ አንድ ኪሎ ቅቤ ገዛሁ። ሽታው ልብ ይሰርቃል። ቤት ገብቼ ስጥደው እናቴ ማንኪያውን ነጥቃኝ አማሰለችና «ልጄ፣ ይኼ ላም አይቶም አያውቅ!» አለችኝ። ድስቱ ሥር የቀረው ዝቃጭ ሙዝ ይሁን ሌላ፣ እግዜር ይወቀው። የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም። ቅቤው የታሰበው ለአራሷ እህቴ ገንፎ ነበር።

ለአንድ ቢሮ ጥቆማ ሰጠሁ። «እናየዋለን» አሉኝ። ትናንት ባልፍ ያው ቅቤ እዚያው ተደርድሯል።

እንዴ! ሕግ ጠፍቶ ነው? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከባዕድ ነገር የተቀላቀለ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። ፋብሪካውንና ከውጭ የሚገባውን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የሰፈሩን ሱቅ ደግሞ የከተማው መሥሪያ ቤት ይቆጣጠራል። ከእነሱ በላይ ምክር ቤቶች አሉ፤ ቋሚ ኮሚቴዎቻቸው አፈጻጸም ይገመግማሉ።

ታዲያ ግምገማው ላይ «ይህን ያህል ድርጅት ፈተሽን» ሲባል አንገት መነቅነቅ ብቻ ምን ይረባል? ስንት ጥቆማ መጣ? ስንቱ መልስ አገኘ? በስንት ቀን? ከወር በኋላ ሱቁን ተመልሶ ያየ አለ? ቅቤ የሚታወቀው ሲነጠር ነው፤ ሪፖርትም እንደዚያው።

እናንተም ዝም አትበሉ። የባለሥልጣኑ ነፃ ስልክ 8482 ነው። የገዛችሁበትን ቦታና ቀን ጻፉ፣ የተረፈውን አትድፉ። መልስ ካጣችሁ ለመረጣችሁት ተወካይ ንገሩ። የእናቴ ማንኪያ ለሁሉም ቤት አይደርስማ!