ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ

አንድ ልቦለድ ተነቦ ከተከደነ ከዓመታት በኋላ በአንባቢ ልብ ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው? ታሪኩ በቅደም ተከተሉ አይቀርም። ማን ለማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ምዕራፍ ከየትኛው እንደሚቀድም አብዛኛው ይረሳል። የሚቀረው ሰው ነው። በ1958 ዓ.ም የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያደመጠ ሰው፣ በዛብህንና ሰብለወንጌልን በሥጋ እንደሚያውቃቸው ሰዎች ይጠራቸዋል። መልካም ልጅ ክፉ ባለጠጋን ታግሎ ያሸነፈባቸው ብዙ መጻሕፍትም ታትመዋል፤ የጀግኖቻቸው ስም ግን ከአንባቢው ጋር አልቆየም። ልዩነቱ ከየት መጣ?

የተለመደው መልስ «ከግጭት» የሚል ነው። የልቦለድና የተውኔት መማሪያዎች ግጭትን ሲተነትኑ ሰው ከሰው፣ ሰው ከተፈጥሮ፣ ሰው ከማኅበረሰብ፣ ሰው ከራሱ ጋር እያሉ ይከፋፍሉታል። ክፍፍሉ ስሕተት የለበትም፤ ችግሩ አራቱን እኩል አስመስሎ መደርደሩ ነው። ሽፍታ መንገድ ላይ ሲያደባ ወይም ወንዝ ሞልቶ አላሻግር ሲል አንባቢ «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል። ገጸ ባሕርዩ ከራሱ ጋር ሲጣላ ግን «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ መጽሐፉ ሲያልቅ መልስ ያገኛል፤ ሁለተኛው አንባቢውን ተከትሎ ቤቱ ድረስ ይሄዳል።

በዛብህን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። እንደ ውጭ ግጭት ከታየ ነገሩ ቀላል ነው፤ የድኻ ልጅ የባላባት ልጅ ወደደ፣ አባቷ እንቅፋት ሆነ። ይህ ታሪክ በየአገሩ አለ። ሐዲስ ግን ከፍቅሩ በፊት ስእለቱን አስቀመጡ። እናቱ ውድነሽ ልጇ እንዲያድግላት ስትል ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አድርጋ ተስላዋለች። በዛብህ ይህን ቃል ራሱ አልገባውም፤ ሆኖም ሕይወቱ በዚያ ቃል የተገዛ እንደሆነ ያምናል። ስለዚህ ሰብለን ሲወድ የሚጣሰው የፊታውራሪው ትእዛዝ ብቻ አይደለም፣ የእናቱ እንባም ነው። እዚህ ላይ ፍቅር የተጋጨው ከሌላ ፍቅር ጋር ነው። ልጁ አንዱን ጥሎ ሌላውን ቢይዝ ነጻ አይወጣም፣ የጣለው ነገርም እውነት ነውና። ፊታውራሪ መሸሻ ድንገት ልባቸው ራርቶ «ውሰዳት» ቢሉት እንኳ የበዛብህ ጭንቀት አያበቃም ነበር። የውስጥ ተቃርኖ ከውጭ ግጭት የሚለይበት መመዘኛ ይህ ይመስላል፤ ባላጋራው ከመድረኩ ሲወጣም ጠቡ ይቀጥላል።

መሸሻም ቢሆኑ ለጥላቻ ብቻ የተፈጠሩ አይደሉም። በገበሬው ላይ ግፈኛ ናቸው፤ የዘር ኩራታቸውም ሚዛን የለውም። ግን ልጃቸውን ይወዳሉ። ከፍ አድርገው ስለሚያይዋት የሚመጥናት ባል አጡላት፤ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ አጥንት እየቆጠሩ ሲመልሱ ዕድሜዋ ገፋ። የሚያከብሯት በዚያ ኩራት፣ የሚቀብሯትም በዚያው ኩራት ነው። ደራሲው አባትየውን ልጃቸውን የማይወዱ ጨካኝ ቢያደርጓቸው ኖሮ አንባቢ ጠልቷቸው ያልፍ ነበር። አሁን ግን መጽሐፉን የያዘ አባት ሁሉ፣ ፊታውራሪ ባይሆንም፣ አንድ ገጽ ላይ ራሱን ያገኛል።

ጉዱ ካሣ አከራካሪ ነው። ብዙ አንባቢ የሚወድደው ስለ ንግግሩ ነው፤ የዘመኑን ሥርዓት ገልጦ ይተቻል። ንግግር ብቻውን ግን ሰው አያቆምም። ካሣ የደራሲው አፍ ሆኖ ረጅም ትምህርት በሚሰጥባቸው ቦታዎች ላይ ገጸ ባሕርይነቱ ይሳሳል ቢባል ድፍረት አይሆንም። ሕይወት የሚዘራበት ሌላው ነገር ነው፤ ካሣ የሚነቅፈው ቤት ዘመድ ነው። የሚፈርሰው ግድግዳ በእሱም ላይ እንደሚወድቅ እያወቀ ነው የሚናገረው። «ጉዱ» የሚለውን ቅጽል ያተረፈለት ዕውቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዋቂ ይባል ነበር። እሱን ጉድ ያደረገው ከወገኑ መካከል ሆኖ ወገኑን መቃወሙ ነው።

ታሪክ ራሱ እንዲህ ያለ ሰው ሲያቀርብ ደራስያን ደጋግመው ይመለሱበታል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ወደ አንድ ንጉሥ ሄደዋል። ከነገሥታቱ መካከል ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ብዕር የሳቡት በድላቸው አይደለም፤ ከእሳቸው የበለጠ ድል ያላቸው ሞልተዋል። የተበታተነች አገር አንድ ለማድረግ የተነሡት ሰው የገዛ ከተማቸውን ጎንደርን አቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም በመቅደላ፣ ሊሞቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው፣ እስረኞችን ከሰንሰለት ማስፈታት ጀምረው፣ የቀሩት ምግብና ውኃ ብለው ሲጮኹ በቁጣ ገንፍለው ብዙዎቹን ወደ ገደል አስወረወሩ። ሩኅሩኁም ጨካኙም አንድ ሰው ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ቆርጦ የጣለ ድርሰት ወይ የጸሎት መጽሐፍ ይሆናል ወይ የክስ ወረቀት፤ ለመድረክ የሚሆን ሰው ግን አይተርፈውም።

ተቃርኖ ሲባል ግን እንዲሁ መለዋወጥ አይደለም። ገጸ ባሕርይ ዛሬ ቸር ነገ ስስታም ቢሆን፣ ምክንያቱም ባይታወቅ፣ አንባቢ ደራሲው ረስቶ ነው ይላል። ሁለቱም ወገን በሰውየው ሕይወት ውስጥ ሥር ሊኖራቸው፣ ከዚያም ሁለቱን ባንድነት ማስደሰት የማይቻልበት ሰዓት ሊመጣ ይገባል። በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» ያደረገው ይህን ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም የቀይ ኮከብ ዘመቻን ቅስቀሳ ሊመራ አሥመራ ይገባል። ሥራው ማሳመን ነው፤ ዓይኑ ግን ያያል። አዲስ አበባ ላይ እጮኛ አለችው፤ አሥመራ ላይ ፊያሜታን ይወድዳል። የሚናገረውና የሚያየው፣ የተወውና ያገኘው እየተሳሳቡ ይገነጥሉታል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መንግሥታት ተቃዋሚ ገጸ ባሕርይን ሊታገሡ ይችሉ ይሆናል፤ «ጠላት ነው» ብለው ያልፉታል። የሚያስፈራቸው በራሳቸው ወገን ቆሞ የሚጠራጠር ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ በስደት ለሚጻፈው አማርኛ የቅርብ ፈተና ነው። ስለ ዐረብ አገር ሠራተኛ የሚጻፍ አጭር ልቦለድ አብዛኛውን ጊዜ ልጅቷን ንጹሕ ተበዳይ፣ እመቤቲቱን ሰይጣን ያደርጋል። በደሉ እውነት ነው፤ መነገርም አለበት። ግን የገዛ ልጇን ለእናቷ ትታ የሰው ልጅ የምታሳድግ ሴት፣ ያንን የሰው ልጅ ሳታስበው ብትወድደውስ? ሲስቅላት ደስ ሲላት፣ ደስታዋ በገዛ ልጇ ላይ የተፈጸመ ክህደት ቢመስላትስ? በዚህ ጊዜ እመቤቲቱ ባትመታትም ታሪክ አለ። አሜሪካ ላይም እንዲሁ ነው። ለማይኖርበት ቤት አገር ቤት ብሎኬት የሚያስደረድር፣ «በሚቀጥለው ዓመት እገባለሁ» ሲል ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ልጆቹ አማርኛ እንዲናገሩ እየተቆጣ ቁጣውን በእንግሊዝኛ የሚጨርስ አባት አለ። የማይቀለድበትም የማይመለክም ሰው ነው። እስካሁን የተጻፈለት ግን በአብዛኛው ቀልድ ወይም ውዳሴ ነው።

ደራሲው የሚፈራበት ምክንያት አይጠፋም። በውጭ ያለው ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም በእድርም ሁሉም ይተዋወቃል። ጉድፍ ያለበት ገጸ ባሕርይ ሲወጣ «የእኛን ሰው አሰደብክ» የሚል አይታጣም። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ደግሞ ነገሩ ከፍቷል። ገጸ ባሕርይው ገና ስሙ ሲጠራ የየት ሰው እንደሆነ ይታሰባል፤ ከዚያ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑ ተወስኖ ያድራል። በአንድ ከተማ አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ሰላምታ ሲነፋፈጉ የታየው በዚሁ አሠራር ነው፤ አንዱ ሌላውን ባለ አንድ መስመር ገጸ ባሕርይ አደረገው።

ልቦለድ ጦርነት አያስቆምም። ነገር ግን አንባቢ ከመሸሻ ጋር ጥቂት መቶ ገጽ ሲኖር፣ የሚጠላውን ሰው ሳይወድደውም ሳያቀለውም የመረዳት ልምድ ያገኛል። ይህ ልምድ በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም፤ በስብሰባ አይሰጥም፣ በዜና አይነገርም። ስለዚህ አዲስ ገጸ ባሕርይ የሚቀርጽ ጸሐፊ «ጠላቱ ማን ነው?» ብሎ ከመጀመሩ በፊት ሌላ ጥያቄ ቢያስቀድም ይበጃል፦ ይህ ሰው ጠላት ባይኖረው ኖሮ ሌሊቱን ምን ይነሣው ነበር? መልስ ከተገኘ ሴራው ዘግይቶም ቢሆን ይመጣል። መልስ ከሌለ ግን ስንት ሽፍታ መንገድ ላይ ቢያደባ ያንን ሰው ከመረሳት አያድነውም።