የቄሣር ሳንቲሞች በኢየሩሳሌም ጎዳና



ወደ ኢየሩሳሌም የመሄድ ዕድል አግኝታችሁ በኢዮጴ በር በኩል ወደ አሮጌው ከተማ ብትገቡ፣ ከፊታችሁ በደረጃ ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መንገድ ታገኛላችሁ። የዳዊት መንገድ ይባላል። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ ከወይራ እንጨት የተቀረጸ ግመል፣ ቅመማ ቅመም፣ ሻርፕ፣ የሸክላ ሳህን ተደርድሯል። በዚህ መንገድና ወደ ክርስቲያኖች ሠፈር በሚታጠፈው ጎዳና ካሉት ሱቆች አንዳንዶቹ ግን ሌላ ዕቃ አላቸው። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ትንንሽ፣ የጠቆሩና አረንጓዴ ዝገት የለበሱ የጥንት ሳንቲሞች ይሸጣሉ። ብዙው መንገደኛ ሳያያቸው ያልፋል። እናንተ ግን መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ናችሁና ጥቂት ቆም በሉ።

በመስተዋቱ ውስጥ ያለው

የሮም ዘመን ሳንቲሞችን የሚሰበስቡ ሰዎች ሀብታቸውን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለግዛቱ ሁሉ ያወጣው ገንዘብ ነው፤ ጽሕፈቱ ላቲን ነው። ሁለተኛው የአውራጃ ሳንቲም የሚባለው ሲሆን፣ በሮም ሥር ያሉ ከተሞችና ገዢዎች ለአካባቢያቸው የሠሩት ነው። በምሥራቁ ግዛት በአብዛኛው በግሪክኛ የተጻፈ ነው። ቂሣርያ፣ አስቀሎና፣ ጋዛ፣ አንጾኪያ ሁሉም የየራሳቸው ሳንቲም ነበራቸው።

ከመጀመሪያው ወገን በክርስቲያኖች ዘንድ በጣም የሚፈለገው የጢባርዮስ ቄሣር ዲናር ነው። ክብደቱ አራት ግራም እንኳ የማይሞላ ብር ነው፤ በማቴዎስ 20 እንደምናነበው የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ፈሪሳውያን ስለ ግብር ጌታን ሊያጠምዱት በመጡ ጊዜ ያቀረቡለት ይህ እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ (ማቴ. 22፡15-22)። በፊቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ራስ አለ፤ በዙሪያውም ጢባርዮስ የአምላካዊው አውግስጦስ ልጅ እንደሆነ ተጽፎበታል። ጀርባው ደግሞ ሊቀ ካህናት ይለዋል። አስቡት ወገኖቼ! እውነተኛው የእግዚአብሔር ልጅ፣ እውነተኛው ሊቀ ካህናት በቆመበት ስፍራ እነዚህን ሁለት ማዕርጎች ለሟች ሰው የሰጠ ብር ይዘው መጡ። ደግሞም ጌታ ሳንቲሙን ከራሱ ኪስ አላወጣም፤ አሳዩኝ አላቸው። በእጃቸው የተገኘው በእነርሱ ነው።

ከዲናሩ አጠገብ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማይበልጡ የነሐስ ሳንቲሞች ታያላችሁ። ከእነዚህ አንዱ የጴንጤናዊው ጲላጦስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ29 እስከ 31 ባሉት ዓመታት ያሠራቸው ሳንቲሞች የሮም ካህናት ለመሥዋዕት የሚጠቀሙበት ጭልፋና የሟርተኞቻቸው ቆልማማ በትር ተቀርጾባቸዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዢዎች የአይሁድን ሕዝብ ላለማስቆጣት የእህል ዘለላና የዘንባባ ዛፍ የመሰለ ምስል ይመርጡ ነበር። ጲላጦስ ግን የጣዖት አምልኮ ዕቃ በእያንዳንዱ አይሁዳዊ መዳፍ ላይ አኖረ። ወንጌላት የሚነግሩንን ሰው ጠባይ ይህች ትንሽ ነሐስ ትመሰክራለች።

ሻጮች የመበለቲቱ ሳንቲም እያሉ የሚያቀርቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሮማውያን በፊት እ.ኤ.አ. ከ103 እስከ 76 ቅድመ ክርስቶስ የነገሠው የአሌክሳንደር ያናይ ነሐስ ነው። በአንድ ወገን መልሕቅ፣ በሌላው ኮከብ አለበት። በጌታ ዘመንም በገበያ ይዘዋወር ስለ ነበር ስያሜው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ይህቺው ሳንቲም ናት በማርቆስ 12 ያለችው መበለት የሰጠቻት የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ከአውራጃ ሳንቲሞች መካከል ልብ የሚነካው የኒያፖሊስ ነው፤ ከተማዋ የዛሬዋ ናብሉስ ናት። እ.ኤ.አ. ከ138 እስከ 161 በገዛው በአንቶኒኑስ ፒዩስ ዘመን የተሠራው ነሐስ የገሪዛንን ተራራ፣ ወደ ላይ የሚወስደውን ረጅም ደረጃና በጫፉ ያለውን የዜውስ ቤተ ጣዖት ያሳያል። ሳምራዊቷ ሴት አባቶቻችን በዚያ ሰገዱ ብላ ለጌታ ያሳየችው ተራራ ይኸው ነው (ዮሐ. 4)። እርሷ ከተናገረች ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ ጣዖት ይመለክ ነበር። ጌታ በመንፈስና በእውነት የሚደረገውን አምልኮ ከተራራ ጋር ያላሰረው ለምን እንደሆነ በሳንቲሙ ላይ ይታያል።

ከግድግዳው በታች የተገኙት ሳንቲሞች

ከገበያው ውጡና ወደ ቤተ መቅደሱ ቅጥር ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ሂዱ። እዚያ በጌታ ዘመን ሰው ይመላለስበት የነበረው የድንጋይ ንጣፍ ጎዳና ተቆፍሮ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ከላይ የወረወሯቸው ታላላቅ ድንጋዮች እንደ ወደቁ ይታያሉ። በቀጣዩ ዓመት ቬስፓስያን በሮም ያሠራቸው ሳንቲሞች ይሁዳን ከዘንባባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ በምታለቅስ ሴት መስለው ድሉን አወጁ።

በዚሁ ማዕዘን የእስራኤል አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ግኝት ይፋ አደረጉ። ከቅጥሩ መሠረት በታች፣ ግድግዳውን ለመሥራት ሲባል የተደፈነ የመንጻት መታጠቢያ ነበር። በውስጡ 17 የነሐስ ሳንቲሞች ተገኙ። ከእነርሱ የመጨረሻዎቹ አራቱ ከጲላጦስ በፊት የነበረው ገዢ ቫሌሪየስ ግራቱስ እ.ኤ.አ. በ17 ወይም በ18 ያሠራቸው ናቸው። ሄሮድስ የሞተው ከዚያ ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ሄሮድስ ያን የቅጥሩን ክፍል ተሠርቶ አላየውም ማለት ነው። በዮሐንስ 2፡20 አይሁድ ስለ ቤተ መቅደሱ ረጅም የግንባታ ዓመታት የተናገሩትን ስናነብ ይህ ትልቅ ብርሃን ይሰጠናል።

እንግዲህ ልብ በሉ። እነዚያ አራት ሳንቲሞች በገበያ ብዙ ዋጋ የሚያወጡ አይደሉም። የከበሩት ከነበሩበት ስፍራ የተነሣ ነው። አንድ ሌባ በሌሊት ቆፍሮ አውጥቷቸው ለዳዊት መንገድ ሻጭ ሰጥቷቸው ቢሆን ኖሮ፣ እናንተ በመስተዋት ውስጥ አራት የጠቆሩ ነሐሶች ታዩ ነበር፤ ምስክርነታቸው ግን ለዘላለም ጠፍቶ ነበር። ከስፍራው የተነቀለ ሳንቲም አፉ እንደ ተዘጋ ምስክር ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

ከጉዞ የተመለሱ ቅዱሳን የገዙትን እያሳዩ እውነተኛ ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ፦ በንጹሕ መንገድ የመጣ ነው ወይ?

በእስራኤል ሕግ የጥንት ሳንቲም መግዛት አልተከለከለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የቅርስ ሕግ ከዚያ በኋላ ከመሬት የሚወጣው ቅርስ ሁሉ የመንግሥት እንዲሆን ደንግጓል። ያለ ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው። ነጋዴው ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከ2016 ጀምሮም ያለውን ዕቃ በኮምፒዩተር እንዲመዘግብ ታዟል። ቅርስ ከአገር ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፈቃዱን እዩ፣ ሳንቲሙ ከየት እንደ መጣ ጠይቁ፣ የመውጫ ወረቀቱን ተቀበሉ። ይህን ስትጠይቁት የሚቆጣ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

በጎዳና ላይ ከኪሱ አውጥቶ፣ አሁን ከእርሻዬ አገኘሁት የሚላችሁ ሰው ሁለት ዕጣ አለው። እውነቱን ከሆነ የተሰረቀ ቅርስ ይሸጥላችኋል፤ ውሸቱን ከሆነ ሐሰተኛ ሳንቲም ይሸጥላችኋል። የጥንቱ ሳንቲም በመዶሻ ተመትቶ የተቀረጸ ነው። ሐሰተኛው ብዙ ጊዜ ቀልጦ በቅርጽ ስለሚፈስስ በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር፣ በፊቱም ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነጠብጣቦች ይታዩበታል። የተካነ አታላይ ግን ይህንንም ይሸፍነዋል።

ይህ የሌላ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእኛው አክሱምም ሳንቲም ታወጣ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በክርስቶስ ካመነ በኋላ ከሳንቲሙ ላይ ጨረቃንና የፀሐይን ክብ አንሥቶ መስቀልን አኖረ፤ በዓለም መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካኖሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ያ ሳንቲም ከአፈራችን ተሰርቆ በባዕድ አገር ሲሸጥ የሚያመን ከሆነ፣ የሌላውን አገር አፈርም እንደዚያው ልናይ ይገባል። ሌሎች እንዲያደርጉልን የምንወደውን እንድናደርግላቸው ጌታ አዞናልና።

ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትጓዙ ደግሞ ከመስተዋቱ ፊት ከመድረሳችሁ በፊት ተነጋገሩ። እርሱ ለሰንበት ትምህርት ልጆች ማሳያ ይሆናል ይላል፤ እርሷ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ታስባለች። ሁለታቸውም ትክክል ናቸው። ነጋዴው ሻይ አቅርቦ ዋጋ ሲቀንስ ግን ለመመካከር ጊዜው አይደለም። ምን ያህል እንደምታወጡ በማረፊያችሁ ወስኑ፤ ካልተስማማችሁ አትግዙ። የቤታችሁ ሰላም ከቄሣር ብር ይበልጣል።

መግዛት ካልቻላችሁም የቀረባችሁ ነገር የለም። በኢየሩሳሌም በሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም የጥንት ሳንቲሞችን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በቂሣርያ የተገኘውን የጲላጦስ ስም ያለበትን ድንጋይም ታያላችሁ። ቅጂ መሆኑ በግልጽ የተነገረ ሳንቲም በጥቂት ገንዘብ መግዛት ትችላላችሁ። ልጆቻችሁን በጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባችሁ በእጃቸው አስይዙና ማቴዎስ 22ን አንብቡላቸው። ጌታ የቄሣር መልክ ያለበትን ለቄሣር እንዲሰጡ አዘዘ። ከዚያም የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ምን እንደሆነ ልጆቹን ጠይቁና መልሱን ከኦሪት ዘፍጥረት 1፡27 እንዲፈልጉ አድርጉ። ሲያገኙት እርስ በርሳቸው ይተያዩ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።