ኮምፒዩተር ሲነሣ ሥራው የማን ነው?

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ኮምፒዩተር ልጽፍ አሰብሁ። ነገር ግን ስለዚሁ ስጽፍ በአንድ ባልንጀራዬ ላይ የሠራሁትን በደል ሳልናገር ማለፍ የማልችል ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ሁለቱን አብሬ አቀርባለሁ። ስሙን ግን አልጠራም፤ እርሱም እንዳልጠራው ለምኖኛል።

በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት የኮምፒዩተር ቦርድ አለች። የመማሪያ መጻሕፍትና ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች በእርስዋ ላይ ተጭነዋል፤ በአዳራሹ ያሉት ስምንት ኮምፒዩተሮችም በኔትወርክ ገመድ ከእርስዋ ያነባሉ። እርስዋ ዝም ካለች አዳራሹ በሙሉ ዝም ይላል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር የክበባችን መምህር የቦርዲቱን ሣጥን ቁልፍ ለሁለታችን ሰጡን። እኔ የጧት፥ ባልንጀራዬ የከሰዓት ተረኛ ሆንን።

ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ችግር ታየ። በእኔ ተራ ኔትወርኩ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም፤ በእርሱ ተራ ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጠፋል። «ገመዱን ነካክተሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። «እጄን አላሳረፍሁበትም። መብራት ሄዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ» አለኝ። አላመንሁትም፤ መብራት በእኔም ተራ ይሄዳላ! በኅዳር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለሙከራ ፈተና በሚዘጋጁበት ሰሞን አዳራሹ ሁለት ከሰዓት ሙሉ ያለ ሥራ ዋለ። በዚህ ጊዜ ለመምህራችን «የሚነካካው እርሱ ነው» ብዬ ተናገርሁ። ቁልፉ ተወሰደበት።

እስቲ አሁን ነገሩ እንዲገባችሁ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ ላስረዳ።

ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በአንድ ጊዜ አይነቃም፤ በቅብብሎሽ ነው የሚነቃው። በዋናው ቺፕ ውስጥ ፋብሪካው የቀረጸው፥ የማይለወጥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም ቡትሎደር የተባለውን አስነሺ ከካርዱ ላይ ፈልጎ ያነሣዋል። ቡትሎደሩ ደግሞ ከርነል የተባለውን የሥርዓቱን እምብርት ያነሣና ቤቱን ያስረክበዋል። በእኛ ቦርድ ላይ ቡትሎደሩ ዩ-ቡት፥ ከርነሉም ሊኑክስ ነው። ዩ-ቡት ካስረከበ በኋላ ሥራው አበቃ፤ ተቀምጦበት የነበረውም ቦታ በሌላ ይያዛል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በቦርዲቱ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ለሥራ የሚያዘጋጃቸው ተሰናባቹ ነው ወይስ ተረካቢው?

ስለ ራም ክርክር የለም። ከርነሉ ራሱ የሚቀመጠው በራሙ ላይ ነው፤ ራሙ ደግሞ መጠኑና የአሠራሩ ፍጥነት ተስተካክሎ ካልተዘጋጀ አንዲት ፊደል እንኳ አይዝም። ወለል ሳይነጠፍ በወለሉ ላይ የሚቆም ሰው የለምና፥ የቡትሎደሩ የመጀመሪያ ቁራጭ በዋናው ቺፕ ውስጥ ባለችው ጠባብ ማስታወሻ ተጨናንቆ ተቀምጦ ራሙን ያዘጋጃል። ሙሉው ቡትሎደር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። (ይህን ባነበብሁበት ቀን ምሳዬን ረስቼ ነበር።)

ከራም በኋላ ያለው ግን ያከራክራል። ሊኑክስ በአርም ቺፖች ላይ ሲነሣ ከቡትሎደሩ የሚጠብቀውን ነገር ራስል ኪንግ የተባለው ሰው በፈረንጆች 2002 ጽፎታል፤ ዝርዝሩም አጭር ነው። ራሙን አዘጋጅ፤ ቢቻል ለመልእክት የሚሆን አንድ ሲሪያል መስመር ክፈት፤ የቦርዱን ዓይነት ለይተህ አስታውቅ፤ አስፈላጊውን መረጃ አቅርብና ከርነሉን ጥራ ይላል። ኔትወርኩን አዘጋጅልኝ አይልም። ይልቁንም በጅምር የቀረ የኔትወርክ ሥራ ራሙን እንዳያበላሽበት፥ ቡትሎደሩ የጀመረውን ሁሉ አቁሞ እንዲሄድ ያዝዘዋል። ዩ-ቡትም ከዚህ ጋር የሚስማማ ደንብ አለው። ራሱ የማይጠቀምበትን ዕቃ አያነሣም፤ በኔትወርክ የሚያመጣው ነገር ከሌለ የኔትወርኩን ቺፕ አይነካውም።

የእኔ ሞኝነት የተደበቀው እዚህ ላይ ነበር። በዚያን ሰሞን አዳዲስ ከርነሎችን እሞክር ስለ ነበር፥ ካርዱን በየጊዜው መንቀል ስለ ሰለቸኝ፥ ላፕቶፔን በሲሪያል ገመድ አገናኝቼ ዩ-ቡት ከርነሉን ከላፕቶፔ ላይ በኔትወርክ እንዲያመጣ አዝዘው ነበር። ጧት ጧት እንዲህ ነው የማስነሣት፤ በእኔ ተራ መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ። ባልንጀራዬ ላፕቶፕ የለውም። መብራት ሲመጣ ቦርዲቱ ራስዋ ከካርዱ ትነሣለች፤ እርሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

በታኅሣሥ ወር በአንዱ ቅዳሜ ላፕቶፔን ቤት ረስቼ መጣሁና ቦርዲቱን እንዲሁ አበራኋት። ተነሣች፤ ኔትወርክ ግን የለም። በክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ፊቴ ጋለ።

ሰኞ ጧት ፈተና ጀመርሁ። በመጀመሪያ የካርዱ ከርነል አሮጌ ስለሆነ ይሆናል ብዬ በላፕቶፔ ላይ ያለውን ያንኑ ከርነል ገለበጥሁበት፤ ለውጥ የለም። ቀጥዬ ዩ-ቡትን በመነሻው ላይ አስቆምሁትና በኔትወርክ አድራሻ እንዲጠይቅ ብቻ አዘዝሁት፤ ከርነሉን ግን ከካርዱ እንዲያነሣ አደረግሁ። ሠራ! ከፊዚክስ ላቦራቶሪ ቴስተር ተውሼ የኔትወርኩን ቺፕ የሪሴት እግር ለካሁ። ቦርዲቱ በራስዋ ስትነሣ 0 ቮልት፤ ዩ-ቡት ኔትወርኩን ከነካ በኋላ ስትነሣ 3.3 ቮልት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ እግር ዝቅ ብሎ እስከቆየ ድረስ ቺፑ አይነቃም። ዩ-ቡት ኔትወርክ ሲያስፈልገው እግሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ሲሰናበትም እንደዚያው ትቶት ይሄዳል። ከርነሉ ግን በቦርዲቱ ላይ ምን ምን እንዳለ የሚያውቀው ዲቫይስ ትሪ ከተባለው መዝገብ ነው፤ በእኛ መዝገብ ውስጥ ስለዚያ እግር የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከርነሉ ቺፑን ይጣራል፤ መልስ ሲያጣ «አልተገኘም» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ተነቅቶ ካገኘው ግን ማን እንዳነቃው ሳይጠይቅ ይሠራበታል። ጥፋቱን ሁለት ወር ሙሉ የሸፈነው የእኔ የጧት ልማድ ነበር።

ከክበባችን ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ታላቃችን ዘንድ ደወልሁ። «ዩ-ቡት ሁልጊዜ ሲነሣ እግሩን ከፍ እንዲያደርግ አንድ መስመር ጨምርና ተገላገል» አለኝ። ምክሩ የሚናቅ አይደለም፤ የየቦርዱ ልዩ ልዩ ጣጣ ከታች ቢያልቅ ከርነሉ ብዙ ማወቅ አያስፈልገውም፤ በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮችም ላይ ከታች ያለው ፕሮግራም ብዙ ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ አልተቀበልሁትም። ነገ ቡትሎደሩን የሚለውጥ ሌላ ተማሪ ቢመጣ በሽታው ይመለሳል። ከዚህም በላይ ሊኑክስ ተነሥቶ ሲጨርስ፥ ማንም ባለቤት ነኝ ያላላቸውን ሰዓት ሰጪዎችና የኀይል መስመሮች ይዘጋል። ከቡትሎደሩ በርቶ የተገኘ ዕቃ በመዝገቡ ካልተጻፈ በርቶ ለመቆየቱ ዋስትና የለውም። መሣሪያ አንቀላፍቶ ሲነቃም ዕቃዎቹን እንደገና ማዘጋጀት ያለበት ከርነሉ ነው። ለመነሣት የግድ የሚያስፈልገውን ቡትሎደሩ ያዘጋጅ፤ ከርነሉ የሚጠቀምበትን ግን ከርነሉ ራሱ ማንቃት ይወቅ ባይ ነኝ።

ስለዚህ በዲቫይስ ትሪው ውስጥ እግሩ የትኛው እንደ ሆነ፥ ዝቅ ሲል ሪሴት ማለት እንደ ሆነ፥ 10 ሚሊሰከንድ ዝቅ አድርጎ ከያዘው በኋላ እንዲለቀው ጻፍሁ። ጥቂት መስመር ነው፤ ሁለት ማታ ግን ፈጀብኝ። ዝቅና ከፍን አገላብጬ ጽፌ ኖሮ፥ በመጀመሪያው ማታ ቺፑ ጭራሽ አልነቃ አለ።

በማግሥቱ ክበቡ በተሰበሰበበት ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። መምህራችን አዳምጠው ሲጨርሱ ምንም ሳይሉ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለባልንጀራዬ ሰጡት። እርሱ ግን ዞሮ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ብዬህ አልነበረም?» አለኝ። ብሎኝ ነበር። ከሁላችን በፊት በሽታውን በትክክል የተናገረ እርሱ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

ከስብሰባው በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረድን። ላፕቶፔን እንዳልከፍት አዘዘኝና የቦርዲቱን ሶኬት እየነቀለ፥ እየሰካ፥ እያንዳንዱን ውጤት በደብተሩ ላይ መዘገበ። አሥሩንም ጊዜ ኔትወርኩ መጣ። አሥራ አንደኛውን እኔ ልንቀል እጄን ስዘረጋ፥ «ከሰዓት እኮ ነው፤ ተራው የእኔ ነው» ብሎ ሶኬቱን ቀደመኝ።