አሥራ አራቱን ሰርዝ

የአክስቴ ልጅ የጌም ገጸ ባሕርያት ይሠራል። ለሥራ ማመልከት ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ መልስ ግን የለም። ሰሞኑን አርትስቴሽን ላይ ያለውን ገጹን አሳየኝ። አሥራ ስምንት ሥራ ደርድሯል፦ ዘንዶ፣ ሮቦት፣ ግማሽ ላይ የቀረ ጭንቅላት።

እኔ እንጀራዬ ጽሑፍ መሸጥ ነው። አርታኢ የሚያስታውሰው ደካማውን ጽሑፍህን ነው። «አሥራ አራቱን ሰርዝ» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። የሦስት ዓመት ድካም ነዋ!

ጊዜውም አይምርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ማይክሮሶፍት ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኛ ቀነሰ፤ በወሩ ሶኒ ከፕሌይስቴሽን 900 ያህል እንደሚያሰናብት አስታወቀ። ጀማሪው የሚጋፋው ከእነዚህ ጋር ነው።

ቀጣሪ ደግሞ «ያምራል ወይ?» ብሎ ብቻ አያቆምም፤ «ጌም ውስጥ ይሠራል ወይ?» ይላል። ዚብረሽ ላይ በሚሊዮን ፖሊጎን የተቀረጸ ምስል በቀላል ሜሽ እንደገና መሠራት፣ ዝርዝሩም በኖርማል ማፕ መተላለፍ አለበት። ክርንና ትከሻ ሲታጠፍ እንዳይበላሽ የሜሹ መስመር አካሄድ ወሳኝ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ይችላል። ገጹ ላይ ግን አንድም ዋየርፍሬም የለም! ታዲያ ቀጣሪው በምን ይወቅለት?

አሥራ አንደኛ ላይ ነጠላ ያጣፉ እናት አሉ። ጥለቱ እጥፋቱን ተከትሎ ሲወርድ በእጅ የሚነካ ይመስላል። ጫማ እንኳ አልሠራላቸውም። ዘንዶ የሚሠራ ሞልቷል፤ ነጠላ ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ከልጅነቱ ያየ ግን ስንት አለ? የእሳቸውን ሥራ ጨርስና ከነዋየርፍሬሙ መጀመሪያ ላይ አድርገው አልኩት።

ጫማውን ጀምሯል። ዘንዶውን ግን እስካሁን አልሰረዘም።