ከአዘዞ እስከ ፒያሳ

ጎንደር ውስጥ የከተማ ባቡር የለም። ያለን ሚኒባስና ባጃጅ ነው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተሳፍሬ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተጣበን ቆመን ሳለ ማንም ማንንም ሰላም አላለም። በልቤ «የእኛ ታክሲ ይሻላል» ብዬ ኮራሁ። በእኛ ታክሲ «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል የሚቀመጥ ሰው ጥቂት ነውና። ያ የኮራሁበት ታክሲ ግን አንድ ቀን ጉዴን አወጣው።

የምሠራው አዘዞ ነው። ቤታችን ደግሞ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ይገኛል። ከሥራ ስመለስ ፒያሳ ወርጄ ከወንድሞች ጋር ካፌ መቀመጥ ልማዴ ነበር። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሲሄድ የፒያሳን ሕንፃዎችና ማኪያቶውን ትቶልን ሄዷል። እኛም ማኪያቶ ይዘን ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ አገልግሎት፣ ስለ አገር ጉዳይ ስናወራ ይመሻል። «ይህም ኅብረት ነው» እል ነበር። ቤት ስደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ያልፋል። እራት፣ አጭር ጸሎት፣ ከዚያ እንቅልፍ።

አንድ ማታ ከአዘዞ ስሳፈር ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣

«ልጄ፣ ልጂቱስ ተሻላት?» አሉኝ።

«የትኛዋ ልጅ እማማ?»

«ሚስትህ ናታ! ትናንት ሐኪም ቤት ስወስዳት መራመድ አቅቷት አልነበረም እንዴ?»

ታክሲው ሁሉ ጆሮ የሆነ መሰለኝ። «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሏታል» አልኩ። ውሸት ነበር። መታመሟንም አላውቅም። በጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ ትዳር የማስተምር ሰው ሐፍረቴን በእግዚአብሔር ስም ሸፈንኩት።

ፒያሳ ስወርድ ወንድሞች ከካፌው በረንዳ ጠሩኝ። እጄን አውለብልቤ አለፍኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ጋቢ ለብሳ ተኝታለች። ጨጓራዋ ከታመመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለት ጊዜ ጀምሬልህ ነበር። አንድ ቀን ስልክ ተደወለልህ። ሌላ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ወሰደህ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ እኚህ እናት ኦርቶዶክስ ናቸው። እኛ «ጌታ ሆይ፣ ጎረቤቶቻችንን አስባቸው» እያልን ስንጸልይላቸው፣ እርሳቸው የባለቤቴን ፊት ያነብቡ ነበር። ያወቁትም ቡና ላይ ነው። አቦሉ ላይ ስለ ገበያ ይወራል፣ ቶናው ላይ ስለ ልጆች። በረካው ሲደርስ ልብ ይከፈታል። እርሳቸው እስከ በረካው ድረስ ተቀመጡ፤ እኔ ግን ለአቦሉ እንኳ አልደረስኩም።

በማግሥቱ ሄጄ «ትናንት ዋሽቼዎታለሁ፤ መታመሟን አላውቅም ነበር» አልኳቸው። ሳቁና «ፊትህን አይቼ አውቄያለሁ እኮ። ይልቅ ገብተህ ቡና ጠጣ፤ ሚስትህንም ጥራት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ለአገልግሎት ወደ ዳባትና ደባርቅ ስወጣ ድሮ ያላስተዋልኩትን አስተውላለሁ። በወገራ ደጋ፣ ገና ብርዱ ሳይለቅ፣ ባልና ሚስት አህያቸውን እየነዱ ገበያ ይሄዳሉ። መንገዱ ረጅም ነው። ስለ ገብሱ ዋጋ፣ ስለ ልጃቸው ትምህርት፣ ስለ ታመመው በሬ እየተነጋገሩ ይጓዛሉ። ካፌ የላቸውም፤ መንገድ ግን አላቸው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ እናነብባለን። ርቀቱ ስድሳ ምዕራፍ፣ ማለትም ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ካለው ብዙም አይርቅም። ጌታችን ሞትን ድል ባደረገበት በዚያው ቀን የሁለት ሰዎችን ኀዘን እየሰማ በእግሩ ተጓዘ። ቀድሞ ሁሉን ሲያውቅ ሳለ እስኪናገሩ ድረስ ጠየቃቸው። ከማስተማሩ በፊት ሰማ። እኔ ግን ሳልሰማ አስተምር ነበር።

ካፌውን አልተውኩትም። ወንድሞቼን እወዳቸዋለሁ፤ ኅብረታቸውም ጠቅሞኛል። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ ከታክሲ ስወርድ ባለቤቴ ፒያሳ ትጠብቀኛለች። አንዳንዴ ሻይ ጠጥተን፣ አንዳንዴ ምንም ሳንጠጣ የፋሲልን ግንብ አጥር ይዘን በእግራችን ወደ ቤት እንሄዳለን። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ አካባቢ የምንናገረው ጠፍቶን ዝም ብለን የሄድንባቸው ቀናት ነበሩ። አሁን ግን ቤት ደርሰን ወሬው ሳያልቅ በሩ ላይ የምንቆምበት ጊዜ አለ። ሐኪም ቤትም አብረን እንሄዳለን።

ውድ ባለትዳሮች፣ ጎረቤት ስለ ትዳር ጓደኛችሁ አንድ ነገር ቢጠይቃችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁት እንደ እኔ አትዋሹ። ዛሬ ማታ ቀደም ብላችሁ ቤት ግቡና ጠይቁ። ከጠየቃችሁም በኋላ በረካው እስኪቀዳ ድረስ ተቀመጡ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።