የጎረቤቴ ጨሌ

እናት እህቶቼ፣ ለበዓል ልጆቻችንን የሌላውን ብሔረሰብ ልብስ ስናለብስ ባለቤቱን ጠይቀን እናውቃለን? እኔ ልሳሳት ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

10ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ሲከበር፣ ለሥራ እዚያው ነበርኩ። ከልጄና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በባህል ልብስ ለመውጣት ሽር ጉድ ስንል፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ በጎረቤታችን ሳጥን ውስጥ ያየችውን ሰማያዊ ጨሌ ካላሰርኩ ብላ አለቀሰች።

የአኙዋክ ተወላጅ ወደሆነችው ወደዚያች ጎረቤቴ ሄጄ፣ «እስቲ ለአንድ ቀን አውሽኝ» አልኳት።

«እሱ ዲሙይ ነው፤ ጌጥ ብቻ አይደለም» አለችኝ ሳቅ ብላ። ለእህት ጥሎሽ የገባው ዲሙይ ወንድም ሲያገባ ይወጣል፤ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ትዳርን ከትዳር ያያይዛል። ለካስ ለጭፈራ ልዋስ የነበረው የቤተሰብ ጥሪት ኖሯል! አፈርኩ። እሷ ግን የገበያ ጨሌ በክር ሰክታ ለልጄ ሠራችላት።

በጃፓን ወጣቶች የአኒሜ ጀግኖችን ልብስ ለብሰው የሚሰባሰቡባቸው ትላልቅ ትርዒቶች አሉ። የሥዕል ጀግና ቅር አይለውም። የእኛ በዓል ልብስ ባለቤት ግን አጥር ተጋሪያችን ነው።

በአደባባዩ አንድ እንግዳ ልጄን፣ «ይህን ማን ሰጠሽ?» ቢላት፣ «ጎረቤታችን ሠራችልኝ፤ ዲሙዩ ግን የሠርግ ነው» ብላ አስረዳችው።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ከማልበሳችን በፊት እንጠይቅ። ልብሱ በማግስቱ ይታጠፋል፤ ልጅ የሰማው ግን አብሮት ያድጋል።